ትሕትናና የዕለት ኑዛዜ

ጌታችን ባስተማረን ጸሎት ውስጥ ሁለት ልመናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የዕለት እንጀራን፣ ሌላው የበደልን ይቅርታ የሚመለከት ነው። እንጀራን ለዓመት አከማችተን አንለምንም፤ የምንለምነው ለዛሬ ነው። ይቅርታንም እንዲሁ ዕለት ዕለት እንድንሻ መፈለጉን ከአቀማመጡ እንረዳለን።

«የዕለት ኑዛዜ» ስንል በየቀኑ ወደ ካህን መቅረብ ማለታችን አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ከማንም አትጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1215 ዓ.ም. የተደረገው የላተራን 4ኛ ጉባኤ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ ደነገገ፤ በ1983 ዓ.ም. የወጣው ሕገ ቀኖናም ከባድ ኃጢአትን በሚመለከት ይህንኑ ግዴታ አጽንቶ ቀሊሉን ኃጢአት መናዘዝም መልካም እንደ ሆነ ይመክራል። በዓመት አንድ ጊዜ የተባለው እንግዲህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን ነው። ከአንዱ ኑዛዜ እስከ ሌላው ባለው ረጅም ጊዜ ነፍሳችንን ማን ይጠብቃታል? የዕለት ኑዛዜ፣ ማለትም ማታ ማታ ኅሊናን መርምሮ በደልን በእግዚአብሔር ፊት በስሙ መጥራት፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

ነገሩ በተለይ የሚከብደው ካህን በየወራቱ እንጂ በየሳምንቱ በማይደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች ነው። በከባድ ኃጢአት የወደቀ ምእመን «አባ እስኪመጡ ድረስ ምን ላድርግ?» ብሎ ካቴኪስቱን ይጠይቃል። ካቴኪስቱ ፍቺ መስጠት አይችልም፤ ዝም ብሎ ሊያሰናብተውም አይገባም። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረን ይህ ነው፦ ከቅጣት ፍርሃት ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔርን ከሁሉ በላይ ከመውደድ የሚነሣ ፍጹም ጸጸት፣ በተቻለ ፍጥነት ለመናዘዝ ከቆረጠ ሐሳብ ጋር ሲሆን፣ ለከባድ ኃጢአት እንኳ ሥርየትን ያስገኛል። ስለዚህ ያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወራቱን በጨለማ ማሳለፍ የለበትም። ኑዛዜው ግን አይቀርለትም፤ ካህኑ በደረሰ ጊዜ ይቀርባል። ይህን ትምህርት እያንዳንዱ ካቴኪስት አጥርቶ ሊያውቀው ይገባል እንላለን፤ በሞት አልጋ አጠገብ ካህን በማይገኝበት ሰዓት የሚያስፈልገው ይኸው ነውና።

ትሕትና ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተጻፈውን ምሳሌ እናስተውል። ፈሪሳዊውም ራሱን መርምሯል። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጾም፣ ከገቢውም ምን ያህል እንደሚሰጥ ቆጥሮ አቅርቧል፤ ጸሎቱንም በምስጋና ጀምሯል። ያበላሸበት ዓይኑ ወደ ጎረቤቱ መሄዱ ነው። ቀራጩ በበኩሉ ስለ ማንም ሌላ ሰው አልተናገረም። በምርመራችን መካከል የሌላ ሰው ስም ሲደጋገም ካገኘን መንገድ ስተናል ማለት ነው። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም የኅሊና ምርመራን ሲያስተምር በምስጋና እንድንጀምር ያዘዘው የተቀበልነውን ጸጋ ያላየ ሰው የበደሉን ልክ ስለማያይ ይመስለናል።

ከዚህ ሌላ «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» የሚል አባባል አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ መሸሸጊያ ይሆናል። በሁሉ ስም የሚናዘዝ በራሱ ስም አይናዘዝም። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 ዓ.ም. ከባድ ኃጢአት በዓይነቱና በቁጥሩ እንዲነገር ማስተማሩ ይህን መሸሸጊያ ይዘጋል። «እኔ ምንም የማልረባ ነኝ» እያሉ ራስን ማዋረድም ሌላው ሰው «ኧረ እንዲህ አይበሉ» እንዲለን የምናደርገው ከሆነ ትዕቢት በትሕትና ልብስ ነው።

እውነተኛው ትሕትና እምቢ ማለትንም እሺ ማለትንም ያውቃል። እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንለው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1847 ዓ.ም. ለጵጵስና ሲሾም አይገባኝም ብሎ ለረጅም ጊዜ ሸሸ፤ በጥር 1849 ዓ.ም. ግን በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ተቀባ። የመንጋው ጉዳት ሲገለጥለት «አይገባኝም» የሚለውን ቃል የሙጥኝ አላለም። ከኃጢአት ብዛት የተነሣ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ለመቅረብ የሚያፍር ሰውም እንዲህ ሊያስብ ይገባዋል፤ አለመብቃቱን ካመነ በኋላ ተጠርቷልና ይቅረብ።

በአንጻሩ ይቅር የተባለውን ኃጢአት ማታ ማታ መልሰው የሚቆፍሩ፣ ዕረፍት ያጡ ነፍሳት አሉ። እነዚህ ምርመራቸውን ያሳጥሩ፤ የንስሐ አባታቸውንም ምክር በመታዘዝ ይቀበሉ።

የዕለት ኑዛዜ የሚፈተነው በቤት ውስጥ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 እርስ በርሳችን በደላችንን እንድንናዘዝ ያዝዘናል። በሀገራችን ሽማግሌዎች የተጣሉትን «ይቅር ለእግዚአብሔር» አባብለው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ሆኖም አባት ልጁን፣ እመቤት የቤት ሠራተኛዋን ይቅርታ ስትጠይቅ የምናየው ስንት ጊዜ ነው? በእግዚአብሔር ፊት ማታ ያለቀስንበትን ቁጣ ጠዋት ለተቆጣነው ሰው ካልነገርነው፣ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን እንድንታረቅ የታዘዝነውን ግማሹን ብቻ ፈጽመናል።

ልጆችን ለመጀመሪያ ኑዛዜ የምታዘጋጁ ካቴኪስቶችም ይህን ከወላጆች ጋር እንድትነጋገሩበት እንለምናለን። የኃጢአት ዝርዝር በቃል የተማረ ልጅ ያልሠራውን ሁሉ ለካህኑ ሲዘረዝር ይገኛል። ከእራት በኋላ በአንድነት አመስግነው፣ ጥቂት ጊዜ በዝምታ ቆይተው፣ እናትም አባትም ልጁ እየሰማ አንዱ ሌላውን ይቅርታ የሚጠይቁበት ቤት ካለ፣ ልጁ ወደ ካህኑ ሲቀርብ ምን እንደሚል ማስጠናት አያስፈልገውም።