የማይላቀቅ ወንበር፦ እንጨትና ርጥበት

ወንበር ሲያረጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚላቀቀው መጋጠሚያው እንጂ የሚሰበረው እንጨቱ አይደለም። ባለቤቱ ኮላ ያፈስበታል፣ ሚስማር ይመታበታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወንበሩ ተመልሶ መወዛወዝ ይጀምራል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ መጋጠሚያ የለውምና። (ሦስት እግር ብቻ ስላለውም ወለሉ ባይስተካከል እንኳ አይንገዳገድም።) መደገፊያ ያለውን ወንበር ለመሥራት ለሚሻ ጀማሪ ግን የእንጨትንና የውኃን ግንኙነት ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

አዲስ በተቆረጠ እንጨት ውስጥ ውኃ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በሕዋሶቹ ባዶ ክፍል የተጠራቀመው ነጻ ውኃ፣ ሁለተኛው ከሕዋሶቹ ግድግዳ ጋር የተሳሰረው ነው። ነጻው ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ አይኮማተርም። ርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ ከሆነበት ደረጃ በታች ሲወርድ ግን የተሳሰረው ውኃ መልቀቅ፣ እንጨቱም መኮማተር ይጀምራል። ይህም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። የሰሜን አሜሪካው ቀይ ኦክ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ የእድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ 8.6 በመቶ፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ 4 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ በቁመቱ የሚታየው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የባልቲሞር ጠበቃ የነበሩትና በትርፍ ጊዜያቸው እንጨት ይሠሩ የነበሩት ጄኒ አሌክሳንደር፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የጥንት ወንበር ሠሪዎችን ዘዴ ለጀማሪዎች አስተዋውቀዋል። ግንዱ በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ ይፈለጣል፤ ፍልጡ የቃጫውን መስመር ስለሚከተል ቃጫው አይቆረጥም፣ ቀጭኑም እንጨት ጠንካራ ይሆናል። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይቀጥላል፦ አግዳሚዎቹ በሙቀት አጠገብ በደንብ ይደርቃሉ፣ እግሮቹ ግን ጥቂት ርጥበት ይተውላቸዋል።

16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአግዳሚ ጫፍ 5 በመቶ ርጥበት ይዞ በመዶሻ ወደ ቀዳዳው ገባ እንበል። በቤቱ አየር ውስጥ ወደ 10 በመቶ ሲደርስ በቀለበቶቹ አቅጣጫ 16 × 0.086 × 5/30፣ ማለትም 0.23 ሚሊ ሜትር ያህል ለማበጥ ይሞክራል። እግሩ በበኩሉ እየደረቀ በጎን ይኮማተራል፤ ቀዳዳውም ጫፉን ጨምድዶ ይይዘዋል። እግሩ ከመጠን በላይ እርጥብ ከሆነ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቀዳዳው በእግሩ ቁመት አቅጣጫ ስፋቱን አይለውጥም። ስለዚህ አግዳሚው ሲገባ ጥቂት የሚያብጥበት አቅጣጫ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ብዙ የሚያብጥበት ወደ ጎን ይደረጋል። በእኛ አስተያየት ከኮላው ጥራት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ርጥበቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቁራጭ እንጨት መዝኖ፣ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቆ እንደገና መመዘን፣ የጎደለውንም ለደረቁ ክብደት አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው። ከእርጥብ ግንድ የተወሰደ ቁራጭ ከ100 በመቶ በላይ ቢያሳይ ስሌቱ የተሳሳተ አይምሰላችሁ፤ ከእንጨቱ ይልቅ ውኃው ይከብድ ነበር ማለት ነው።