የሞተሩ ውሃ የት ሄደ?

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ወጥቷል። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ዳገቱን መያዝ አለበት። እህላችን፣ በጋችን፣ ሕመምተኛችን የሚጫነው በእነዚህ መንገዶች ነው።

መኪናው ዳገት መካከል እንፋሎት እየተፋ ሲቆም ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ይሮጣል። ውሃ ይጨመራል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ትንሽ እንደሄደ እንደገና ይፈላል። በመኪናው ውስጥ ምጥ የያዛት እናት ካለች ይህ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ውሃው የት እንደሚሄድ ዛሬ አብረን እንመልከት።

ሞተር ውሃ አይጠጣም

ነዳጅ ሲነድ ሞተሩ ይግላል። ሙቀቱን የሚወስደው በብረቱ ውስጥ የሚዞር ውሃ ነው። ፓምፕ ውሃውን ይገፋዋል፤ ከፊት ያለው ራዲያተር በነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ውሃው ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ነዳጅ ተቃጥሎ ያልቃል። ውሃው ግን ተዘግቶ የሚዞር ነውና ማለቅ የለበትም። በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ አንድ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ውሃ መጨመር በተሰነጠቀ እንስራ እንደ መቅዳት ነው።

የደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል

የመንዝና የግሼ እናቶች የሚያውቁት ነገር አለ። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ 3000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

የራዲያተር ክዳን የተሠራው ለዚህ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ ቢያልፍም ቶሎ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲሰነጠቅ ወይም ሞላ የሚባለው ጥምዝ ሽቦ ሲደክም እንፋሎቱ ያመልጣል። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ውሃው ይጎድላል።

እንዴት እንፈልገው?

1ኛ፦ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃውን ልክ እናያለን። ማታ ከመኪናው ሥር ደረቅ ካርቶን እናነጥፋለን። በነጋው ካርቶኑ ከረጠበ ከላዩ ያለውን ቱቦ፣ ማጥበቂያና ፓምፕ እንመረምራለን። ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ ምልክት ያፈሰሰበትን ቦታ ያሳያል።

2ኛ፦ ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ወደ ጋቢናው እንገባለን። ለሙቀት የተሠራች ትንሽ ራዲያተር እዚያ ውስጥ አለች። እሷ ካፈሰሰች የእግር ምንጣፉ ይረጥባል፤ የፊት መስታወቱም በጉም ይሸፈናል።

3ኛ፦ ሲግል ብቻ የሚያፈስስ ቀዳዳ አለ። መካኒኩ ቀዝቃዛውን ራዲያተር በእጅ ፓምፕ አየር ይሞላዋል። ልኩ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አያልፍም። የፓምፑ ቆጣሪ ከወረደ ቀዳዳ አለ።

4ኛ፦ ከውጭ ምንም ካልተገኘ ችግሩ በሆዱ ነው። በሞተሩና በላይኛው ብረት በቴስታታ መካከል ስስ መለያ አለ፤ መካኒኮች ጓርኒሲዮን ይሉታል። እሱ ሲቃጠል ውሃው ወደ እሳቱ ወይም ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል፤ ነጭ ጢስ ሳያቋርጥ ይወጣል። ግን ልብ እንበል፤ በመንዝ ብርድ ጠዋት ከጢስ መውጫው ነጭ እንፋሎት ቢታይ እንደ ሰው ትንፋሽ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ያን ጊዜ ያሠጋል።

መጠገኛው

የላላ ማጥበቂያ ይጠበቃል። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ያለቀ ፓምፕና የደከመ ክዳን ይለወጣሉ፤ አዲሱ ክዳን የአሮጌው ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ቴስታታው ይወርዳል። መለያውን ብቻ መለወጥ አይበቃም። ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ እንደሆነ ይለካል፤ ከተጣመመ በማሽን ይስተካከላል። አለዚያ አዲሱም መለያ ይቃጠላል። ራዲያተር ያለው የወፍጮ ሞተርም የሚመረመረው እንዲሁ ነው።

ከአደጋ እንጠንቀቅ

የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም፤ ታፍኖ የነበረው የፈላ ውሃ ፊትና ዓይን ያቃጥላል። የላይኛው ቱቦ በእጅ እስኪያዝ ድረስ እንጠብቅ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አናፍስስ። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ቢደፋ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ብረትም እንዲሁ ይሰነጠቃል።

በውርጭ ሌሊት ንጹሕ ውሃ ሞተር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ብረት ይሰነጥቃል። ለዚህ መከላከያ ሾፌሮች ከውሃው ጋር የሚቀላቅሉት ቀለም ያለው ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ጣፋጭ ነው፤ ግን መርዝ ነው። ልጅም፣ ውሻም፣ በግም ጠጥቶት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በሜዳ ወይም በምንጭ አጠገብ አይደፋ። የነበረበትም ጀሪካን ታጥቦ እንኳ ለመጠጥ ውሃና ለጠላ አይዋል።

ጥያቄዎች

1. የሞተር ውሃ ቢጎድል መጨመር ብቻ ለምን አይበቃም?
2. ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ውሃው ቢጎድል የት የት እንፈልጋለን?
3. በቀበሌያችሁ የመኪና ፈሳሽ የነበረበት ጀሪካን ለምን አገልግሎት እየዋለ ነው? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።