ከደረጃ ሰንጠረዥ ውጭ የሆኑ ተቆላፊ ማገናኛዎች ከቤት ውጭ በሚዘረጋ ጊዜያዊ የኤሌክትሪክ መስመር

በአሜሪካ የግንባታ ሥፍራዎች፣ በፊልም ቀረጻና በአደባባይ ዝግጅቶች ላይ ከጄኔሬተር ወደ ማከፋፈያ ሳጥን የሚዘረጋው ኬብል ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «የካሊፎርኒያ ዓይነት» በሚባለው፣ ተጠምዝዞ በሚቆለፍ የ50 አምፔር ማገናኛ ነው። ስፒናው ሲኤስ 6365፣ አቻው ሴቴ ማገናኛ ደግሞ ሲኤስ 6364 ይባላል። ሁለቱም በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር (ኔማ) የቅርጽ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገኙም። በገበያ የተለመዱት የኔማ ተቆላፊ ቅርጾች 30 አምፔር ላይ ያበቃሉ፤ የ50 አምፔሩ ኔማ 14-50 ደግሞ ቀጥታ የሚሰካ እንጂ የሚቆለፍ አይደለም። ክፍተቱን የሞላው ይህ ማገናኛ ነው። «ደረጃ የሌለው» መባሉም በከፊል አሳሳች ነው፤ በርካታ አምራቾች እርስ በርሱ እንዲገጥም አድርገው ያመርቱታልና።

የመቆለፉ ጥቅም ኬብሉ ሲጎተት እንዳይነቀል ማድረግ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ዋናው ጉዳይ ግን ኒውትራሉ ነው። ማገናኛው ሁለት የኃይል መስመሮችን፣ ኒውትራልንና የመሬት መስመርን ይይዛል፤ በሁለቱ የኃይል መስመሮች መካከል 240፣ በእያንዳንዳቸውና በኒውትራል መካከል 120 ቮልት ይገኛል። ስፒናው በከፊል ወጥቶ ኒውትራሉ ብቻ ቢቋረጥ በሁለቱ ወገን ያሉት ዕቃዎች በ240 ቮልት ላይ በተከታታይ የተያያዙ ይሆናሉ። በአንዱ ወገን 1200 ዋት ማሞቂያ (12 ኦም)፣ በሌላው 120 ዋት መሣሪያ (120 ኦም) ቢኖር፣ ትንሹ መሣሪያ ወደ 218 ቮልት ሲደርሰው ማሞቂያው በ22 ቮልት ይቀራል። በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ከ2 አምፔር በታች ስለሆነ ብሬከሩ አይወድቅም፤ መሣሪያው ግን ይቃጠላል።

ያልጠበቀ ግንኙነት ሙቀትም ይፈጥራል። የግንኙነቱ ሬዚስታንስ 10 ሚሊኦም ቢደርስ 50 አምፔር ሲያልፍበት 25 ዋት በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ስፒናው መግባቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው መጠምዘዙና መቆለፉ መረጋገጥ አለበት። ቁልፉ ውኃን አይከለክልም፤ ዝናብን የሚመክተው ለዚሁ የተሠራ ሽፋንና ማገናኛውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

በመልክ የሚቀራረበው ሲኤስ 8365 ለባለ ሦስት ፌዝ 250 ቮልት የተሠራ ሲሆን ኒውትራል የለውም፤ ቅርጹ ስለተለየም ከ6364 ጋር አይገጥምም። ይህ አለመግጠም ሠራተኛን የሚያማርር ቢሆንም ራሱ ጥበቃ ነው፤ ጥበቃውን የሚያፈርሰው በእጅ የተሠራ ማስማሚያ ነው። ከ50 አምፔር ማገናኛ በቀጥታ ለ20 አምፔር የተሠራ ቀጭን ገመድ የሚያወጣ ማስማሚያ፣ ገመዱ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲግል በ50 አምፔር ብሬከር ሥር ያለ ተገቢ መከላከያ ይተወዋል። ማከፋፈያ ሳጥኑ ይህን የሚፈታው ለየመውጫው የራሱን የ20 አምፔር ብሬከርና ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር የመሬት ፍሳሽ ላይ የሚያቋርጥ መከላከያ በመያዝ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 590.6 ሠራተኞች ለሚጠቀሙባቸው ጊዜያዊ ባለ 125 ቮልት፣ 15፣ 20 እና 30 አምፔር መውጫዎች ይህን የፍሳሽ መከላከያ ያስገድዳል። ለሌሎቹ መውጫዎች ግን በአማራጭነት የመሬት መስመር ቀጣይነት በጽሑፍ በተደነገገ መርሐ ግብር እየተፈተሸ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። የ50 አምፔሩ ማገናኛ በዚህ በሁለተኛው ወገን ይወድቃል፤ ስለሆነም ከሳጥኑ በፊት ያለው ረጅም ኬብል ደኅንነቱ በመርማሪው ትጋት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።