የአያት ሰማያዊ ሲኒ፦ ዕድሜውንና ጌጡን እንዴት እንመርምር?

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ቤትዎ ለዓመት በዓልና ለዝክር ብቻ የሚወጣ፣ በነጭ ላይ ሰማያዊ ጌጥ ያለው አሮጌ ሲኒ ወይም ሳህን ካለ፣ ለነጋዴ ከመስጠትዎ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩት።

1. ያዘጋጁት። ጠረጴዛ ላይ ጋቢ አጥፈው ያንጥፉ፤ ቀለበትዎን ያውልቁ። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠቡት። አመድ፣ በረኪናና የሽቦ መፈግፈጊያ አያስነኩት፤ ጌጡን ይልጡታል።

2. ገላውን ይዩ። ወደ ፀሐይ ያንሡትና ጣትዎን ከጀርባው ያድርጉ፤ ስስ ፖርሴሊን የጣትን ጥላ ያሳያል። የተሸረፈው ቦታ ነጭና ጠጣር ከሆነ ፖርሴሊን ነው። ቢጫማና አፈርማ ከሆነ ነጭ የተቀባ ሸክላ ነው፤ የኔዘርላንድዋ ዴልፍት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቻይናን ዕቃ ያስመሰለችው በዚህ ነው።

3. ሰማያዊውን ይመርምሩ። ቀለሙ ኮባልት ከሚባል ማዕድን ይወጣል። በብሩሽ የተሣለው መስመር በመስመር ላይ ባረፈበት ይጠቁራል። በኅትመት የተጌጠው ግን በአብዛኛው የወረቀቱ ጫፎች የተጋጠሙበትን ስፌት ያሳያል።

4. ሥዕሉን ያንብቡ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ዘንዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የሚወድቅ ክፉ ነው፤ በቻይና ግን የንጉሠ ነገሥት ሥልጣንና ዝናብ አምጪ ኃይል ነው። ስለዚህ ዘንዶ ስላለበት ብቻ ከቤት አያውጡት። ሮማን የልጆች መብዛት፣ ኮክ ረጅም ዕድሜ፣ የሌሊት ወፍ መልካም ዕድል፣ ዓሣ የተትረፈረፈ ሀብት ነው።

5. ግርጌውን ይገልብጡ። ስድስት የቻይና ፊደላት ብዙውን ጊዜ ሥርወ መንግሥቱንና ንጉሡን ይጠራሉ። ለምሳሌ ካንግሺ ከ1661 እስከ 1722 እ.ኤ.አ. ነገሠ፤ የእኛው አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነኛ ነው። ሆኖም የኋላ ሠሪዎችም የቀደመ ንጉሥ ስም ይጽፉ ስለነበር ጽሑፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእንግሊዝኛ ፊደል «ቻይና» የሚል ካለበት፣ ብዙውን ጊዜ ከ1891 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ የምታስገባው ዕቃ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት ያስገደደችው ያኔ ነው።

6. ታሪኩን ይመዝግቡ። አያትዎን «ማን አመጣው? ከየት ገበያ ተገዛ? ለሠርግ ነው ወይስ ለማኅበር?» ብለው ይጠይቁ። ፊቱንና ግርጌውን ፎቶ አንሥተው መልሱን ከነቀኑ ይጻፉ። ከተሰበረም ስብርባሪውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ በሙጫ አያጣብቁት።

7. ያሳውቁ። የቆየ ከመሰለዎት በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለውን የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያማክሩ። የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ያለ ዕቃ ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ከቦታው አያንቀሳቅሱት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ሲኒውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጠይቁ፤ የጠፋ ታሪክ በገንዘብ አይገዛም።