ቀይና አረንጓዴ ግራጫ ሲሆኑ

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የዜና ጽሑፍ የአምድ ግራፍ ሠራሁ፤ የወንዶቹ በአረንጓዴ፣ የሴቶቹ በቀይ። ማተሚያው ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ የኮምፒውተር ተማሪ የሆነው ጓደኛዬ በጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ወደ ግራጫ ቀየርኩት። ሁለቱም አምዶች አንድ ዓይነት ሆነው ወጡ! መምህራችን «የትኛው የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ?

ፕሮግራሙ የሚሠራው በፓሌት ነው። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቪጂኤ በአንደኛው አሠራር ስክሪኑ 320 በ200፣ ማለትም 64,000 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ራሱን አይዝም፤ ከ0 እስከ 255 ያለ የተራ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ቀለሙ ያለው ባለ 256 ረድፍ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። በየረድፉ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ከ0 እስከ 63 ይጻፋል። ስለዚህ 64,000ውን ሳንነካ 768 ቁጥሮችን ብንቀይር ሥዕሉ በሙሉ ይቀየራል።

ሦስቱ መጠኖች እኩል ሲሆኑ ግራጫ ይወጣል። ጓደኛዬ ደምሮ ለሦስት አካፈለ፤ ደማቁ ቀይ (63፣ 0፣ 0) 21 ሆነ፣ ደማቁ አረንጓዴም 21! ዓይናችን ግን አረንጓዴን አድምቆ፣ ሰማያዊን አደብዝዞ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ወስዶ መደመር ይሻላል። ያኔ ቀዩ 18፣ አረንጓዴው 37 ይሆናል፤ ተለያዩ ማለት ነው።

ቀለሙ ቀስ እያለ እንዲደበዝዝ ከተፈለገስ? ከግራጫው ላይ የመጀመሪያውን መጠን ቀንሶ፣ በእርምጃው ቁጥር አባዝቶ፣ ለ64 አካፍሎ ከመጀመሪያው ጋር መደመር ነው። ቀዩ በ32ኛው እርምጃ ላይ ወደ 40፣ 9፣ 9 ይጠጋል፤ በ64ኛው ሦስቱም 18 ይሆናሉ። ግን የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ቅጂ መቀመጥ አለበት፤ ሁልጊዜ ከእሱ ነው የሚሰላው። ከደበዘዘው ላይ ደግመን ካሰላን የተቆረጡት ሽርፍራፊዎች ይጠራቀማሉ፣ ወደ ቀለሙም መመለሻ የለም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጠቆር ያለ አረንጓዴ (0፣ 32፣ 0) ስሞክር ግን እሱም 18 ወጣ፤ ከደማቁ ቀይ ጋር እኩል! ለካ ትክክለኛው ስሌትም ሁሌ አያድንም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች መረጃን ለቀለም ብቻ አደራ አንስጥ። አሁን በየአምዱ ላይ ስሙን እጽፋለሁ፤ መምህሬም ቢጠይቁኝ መልስ አላጣም።