የኤሌክትሪክ ሻወር ተከላና የመሬት ግንኙነት፦ የኧርዚንግ፣ የቦንዲንግና የአር.ሲ.ዲ. ድርሻ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ውሃን በቅጽበት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ሲተከል ኧርዚንግ፣ ቦንዲንግና አር.ሲ.ዲ. የሚባለው የሾለከ ከረንት ማቋረጫ ያላቸውን የተለያየ ድርሻ ይመረምራል። በ220 ቮልት ላይ በተሠሩ ቀላል ስሌቶች አማካይነት የመሬት ሽቦ መኖሩ ብቻውን ለደኅንነት ዋስትና እንደማይሆን ያሳያል። ትክክለኛው መመዘኛ ታጣቢው በአንድ ጊዜ ሊነካቸው በሚችላቸው ሁለት ነገሮች መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅና ቮልቴጁ የሚቆይበት ጊዜ መሆኑን ያስረዳል።

1. መግቢያ

በአንድ የቆየ ቤት የዛገ የብረት ቧንቧ ተነቅሎ በፒፒአር ፕላስቲክ ሲተካ፣ የተሠራው የውሃ ሥራ ብቻ ይመስላል። የሻወሩ የመሬት ሽቦ ቀድሞ የታሰረው ከዚያ ቧንቧ ጋር ከነበረ ግን፣ ማንም የኤሌክትሪክ መስመር ሳይነካ ቤቱ የመሬት ግንኙነቱን አጥቷል። ሻወሩ እንደ ወትሮው ያሞቃል፤ መብራቱም ይበራል። ጉድለቱ የሚገለጠው የማሞቂያው ኢንሱሌሽን በተበላሸ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሥሩ የቆመው ሰው እርጥብና ባዶ እግሩን ነው።

በ50 ኸርዝ የሚሠራ ከረንት በሰውነት ውስጥ 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲደርስ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የያዘውን መልቀቅ ሊሳነው ይችላል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የሰውነት ሬዚስታንስ በተለመደው የስሌት ግምት 1000 ኦም ቢወሰድ፣ 220 ቮልት 220 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። እርጥብ ቆዳ ይህን ሬዚስታንስ ይበልጥ ሊቀንሰው ስለሚችል፣ መታጠቢያ ቤት ከሌላው ክፍል የጠበቀ መመዘኛ ይፈልጋል።

2. የሦስቱ መከላከያዎች ድርሻ

ኧርዚንግ የመሣሪያውን የብረት ገላ ከመከላከያ ሽቦ ጋር ያገናኛል። ዓላማው ብልሽት ሲፈጠር ብሬከሩን ወይም አር.ሲ.ዲ.ውን ለማስቆረጥ የሚበቃ ከረንት መንገድ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ቦንዲንግ የውሃ ቧንቧን፣ የሕንፃውን ብረትና የመሣሪያዎችን ገላ እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ በዚህም ሁሉም ተቀራራቢ ቮልቴጅ ላይ እንዲገኙ ያደርጋል። አር.ሲ.ዲ. በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ከረንት ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ባለ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. በሰው ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት አያሳንስም፤ የሚያሳጥረው ጊዜውን ነው። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት፣ የተበላሸው መሣሪያ ሰው እስኪነካው ድረስ የሚሾልክ ከረንት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አር.ሲ.ዲ. የሚሠራው ሰውየው ራሱ የከረንቱ መንገድ ከሆነ በኋላ ይሆናል።

3. የመሬት ዘንግና ብሬከር ብቻ ሲኖሩ

ለአብነት 5.5 ኪሎ ዋት የሆነ ሻወር በ220 ቮልት 25 አምፔር ይወስዳል፤ መስመሩም በ32 አምፔር ብሬከር የተጠበቀ ይሁን። የቤቱ የመሬት ዘንግ 20 ኦም፣ የትራንስፎርመሩ ደግሞ 2 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ ገላውን ሲነካ የሚፈሰው ከረንት 220 ÷ 22 = 10 አምፔር ነው። ይህ ከሻወሩ የሥራ ከረንት እንኳ ስለሚያንስ ብሬከሩ አይቆርጥም። ገላው ከሩቅ መሬት አንጻር 10 × 20 = 200 ቮልት ላይ ይቆያል። ከዚያ ዘንግ ጋር የተገናኘ ሌላ መሣሪያ ሁሉ ይህንኑ ቮልቴጅ ይወርሳል። ዘንጉ ተቀብሯል፤ ሽቦውም ታስሯል፤ አደጋው ግን አልተወገደም።

በዚሁ መስመር ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. ቢኖር 10 አምፔሩ ወዲያውኑ ያስቆርጠዋል። የንክኪ ቮልቴጅ ወሰን 50 ቮልት ሲሆን፣ የሚፈቀደው የዘንግ ሬዚስታንስ በስሌት እስከ 50 ÷ 0.03 = 1667 ኦም ይደርሳል። በተግባር ግን ከዚህ እጅግ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የአፈር ሬዚስታንስ ከወቅት ጋር ይለዋወጣል። መረሬ አፈር በክረምት እርጥበት ሲይዝ ከረንትን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን ከዘንጉ ሊላቀቅ ይችላል። በነሐሴ የተለካ ውጤት ለመጋቢት ማስረጃ አይሆንም።

የመከላከያ ሽቦው በብረት መንገድ እስከ ትራንስፎርመሩ ኒውትራል በሚደርስበት ሥርዓት ስሌቱ ይለወጣል። ዓይነት ቢ የሆነ የ32 አምፔር ብሬከር በቅጽበት መቁረጡ የሚረጋገጠው በአምስት እጥፍ፣ ማለትም በ160 አምፔር ነው። ስለዚህ የብልሽቱ ዑደት ጠቅላላ ኢምፒዳንስ ከ220 ÷ 160 = 1.38 ኦም ገደማ መብለጥ የለበትም።

4. ኒውትራልን በመሬት ሽቦ ምትክ መጠቀም

የመሬት ሽቦ ባልተዘረጋበት ቤት የሻወሩን ገላ እዚያው ከኒውትራል ጋር ማሰር እንደ መፍትሔ ሲወሰድ ይታያል። ይህ አሠራር በሁለት ምክንያት አደገኛ ነው። አንደኛ፣ ኒውትራሉ ከሻወሩ በፊት ባለ ቦታ ቢላቀቅ ፌዙ በማሞቂያው በኩል ወደ ገላው ይደርሳል። የማሞቂያው ሬዚስታንስ 220 ÷ 25 = 8.8 ኦም ብቻ ስለሆነ፣ በ1000 ኦም ሰውነት ላይ የሚያርፈው ከሞላ ጎደል ሙሉው 220 ቮልት ነው። ለዚህም የመሣሪያው መበላሸት አያስፈልግም፤ አንድ የላላ ቡሎን ይበቃል። ሁለተኛ፣ ግንኙነቱ ከአር.ሲ.ዲ.ው በኋላ ከሆነ፣ ወደ ገላው የሾለከው ከረንት በኒውትራል በኩል ተመልሶ በዚያው በአር.ሲ.ዲ.ው ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ልዩነቱን ሊያይ አይችልም።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሌላው ችግር ማሞቂያ ጥቅሉ ያለ ሽፋን በውሃ ውስጥ የሚቀመጥበት የሻወር ዓይነት ነው። በውሃው በኩል ጥቂት ከረንት ስለሚሾልክ አር.ሲ.ዲ.ው ሊቆርጥ ይችላል። መፍትሔው የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ወይም አር.ሲ.ዲ.ውን ማስወጣት ሳይሆን፣ ማሞቂያው በኢንሱሌሽንና በብረት የተሸፈነ ሻወር መምረጥ ነው።

5. ቦንዲንግ የሚያስፈልገውን መለየት

ተጨማሪ ቦንዲንግ በመታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የሚገኙ የብረት ቧንቧዎችንና የመሣሪያዎችን ገላ ያስተሳስራል። ሽቦው መዳብ ሆኖ ከጉዳት የተጠበቀ ከሆነ ቢያንስ 2.5፣ ካልሆነ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእንግሊዝ ደንብ ቢ.ኤስ. 7671 በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው 17ኛ እትሙ ይህ ቦንዲንግ እንዲቀር የፈቀደው ሦስት ሁኔታዎች አብረው ሲሟሉ ነው፦ የክፍሉ መስመሮች ሁሉ በተወሰነላቸው ጊዜ የሚቆርጡ ሲሆኑ፣ ሁሉም በ30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. ሲጠበቁ፣ ወደ ሕንፃው የሚገቡ የብረት ቧንቧዎችም ከዋናው የመሬት ተርሚናል ጋር ሲተሳሰሩ። ፈቃዱን ጠቅሶ ሁኔታዎቹን መዘንጋት አይገባም።

ያየነውን ብረት ሁሉ ማሰርም ትክክል አይደለም። ከፕላስቲክ ቧንቧ ጫፍ ላይ የተገጠመ አጭር የብረት ቧንቧ ከውጭ ቮልቴጅ አያመጣም። ለመለየት፣ በብረቱና በዋናው የመሬት ተርሚናል መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካል። የሰውነት ከረንት ከ10 ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ ከተፈለገ ወሰኑ 220 ÷ 0.010 − 1000 = 21,000 ኦም ነው። ከዚህ በላይ የሆነውን ማሰር አያስፈልግም። በኮንክሪት ወለል ውስጥ ያለው ፌሮ ግን ከመሬት ጋር ሊገናኝ ስለሚችል፣ በአዲስ ግንባታ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቢታሰር ይመረጣል።

6. ማጠቃለያ

ሻወር ሲተከል ራሱን የቻለ መስመር፣ እስከ ዋናው የመሬት ተርሚናል ሳይቋረጥ የሚደርስ መከላከያ ሽቦና ባለ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. በአንድነት ያስፈልጋሉ። ለአገልግሎት ከመከፈቱ በፊት የሽቦው ቀጣይነት፣ የኢንሱሌሽኑ ሁኔታ፣ የዑደቱ ኢምፒዳንስ ወይም የዘንጉ ሬዚስታንስ፣ በመጨረሻም አር.ሲ.ዲ.ው የሚቆርጥበት ጊዜ በመሣሪያ ሊለኩ ይገባል። የአር.ሲ.ዲ.ውን መሞከሪያ ቁልፍ መጫን የመሣሪያውን ጤንነት እንጂ የመሬት ሽቦውን መኖር አያረጋግጥም። የብረት ቧንቧ በፕላስቲክ በተተካ ቁጥርም ይኸው የመሬት ግንኙነት ፍተሻ መደገም አለበት፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሥራ የሚጠናቀቀው ውሃው ሲፈስ ቢሆንም፣ የቤቱ ደኅንነት የሚረጋገጠው በልኬት ነው።