ጀርባህን ታስይዛለህ?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ታክሲ ስትሳፈር ስልክህ ተሰረቀ እንበል። አጠገብህ ሲጋፉ የነበሩ ሁለት ልጆችን ትጠረጥራለህ፤ ፖሊስ ይዟቸው ጣቢያ ገቡ። ሁለት ቀን አለፈ፣ ስልኩ የለም። ያኔ አብሮህ ያለ ሰው ጠጋ ብሎ «እነዚህ ካልተመቱ አያወጡም፤ መርማሪውን አናግረው» ይልሃል። ምን ትመልሳለህ?

ስለ ድብደባና ስለ ስቃይ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ገራፊውን ነው። ዛሬ ግን የማወራህ ስለ አስገራፊው ነው።

አቡ ዳውድ በሱነናቸው የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ከለዕ ከሚባል ጎሳ የሆኑ ሰዎች ንብረት ተሰረቀባቸው። ሸማኔዎችን ጠርጥረው ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ዘንድ አቀረቧቸው። ኑዕማን ሶሓባ ናቸው፤ ያኔ ሹም ነበሩ። ተጠርጣሪዎቹን ለተወሰኑ ቀናት አሰሯቸው፤ ከዚያም ለቀቋቸው። ከሳሾቹ ተቆጥተው መጡ፤ ሳትመታቸው፣ ሳትፈትናቸው እንዴት ትለቃቸዋለህ አሉ። ኑዕማንም ከፈለጋችሁ እመታላችኋለሁ፤ ዕቃችሁ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ግን በእነሱ ጀርባ ላይ ያሳረፍኩትን ያህል ከእናንተ ጀርባ እወስዳለሁ አሏቸው። ሰዎቹ ይህ የራስህ ፍርድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የአላህና የመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ፍርድ ነው ብለው መለሱላቸው።

አስተውል! ኑዕማን ክርክሩን ያዞሩት ወደ ከሳሹ ነው። «እርግጠኛ ነኝ» የምትል ከሆነ እርግጠኝነትህን በገዛ ጀርባህ አስይዝ ነው ነገሩ። አቡ ዳውድ ራሳቸው ታሪኩን ከዘገቡ በኋላ፣ ኑዕማን ይህን ያሉት ሰዎቹን ለማስፈራራት እንደሆነና መምታት የሚመጣው ሰውየው ካመነ በኋላ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ማለትም ቅጣት እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሸማኔዎቹ ለምን እንደተጠረጠሩ ዘገባው አይነግረንም። እኛ ግን በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በምን ዓይን ስናይ እንደኖርን እናውቃለን። ዛሬም ጣቢያ ገብቶ የሚመታው ብዙ ጊዜ የሚደውልለት ሰው የሌለው ነው፤ ሊስትሮው፣ የጎዳና ልጁ፣ ትናንት ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ። የባለሀብት ልጅ ሲጠረጠር «ካልተመታ አያወጣም» የሚል አልሰማሁም።

ተመትቶ የወጣ ቃልስ ምን ዋጋ አለው? መልሱን ከመካ ጀምረህ ፈልገው። ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) በሙሽሪኮች እጅ ተሰቃዩ። እናታቸው ሱመያ ተገደለች። ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) በጋለ አሸዋ ላይ ተዘርሮ ድንጋይ ተጫነበት። ዐማር ስቃዩ ሲበረታባቸው ጠላቶቻቸው የፈለጉትን ቃል ተናገሩ፤ ከዚያም እያለቀሱ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ረሱልም ስለ ልባቸው ነበር የጠየቋቸው። የሱረቱ ነሕል 106ኛው አንቀጽ ልቡ በኢማን የረጋን ተገዳጅ ከተጠያቂነት ያወጣው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ሙፈሲሮች ይናገራሉ። እንግዲህ በአላህ ላይ የመካድ ቃል እንኳ በግዳጅ ሲወጣ ካልተቆጠረ፣ «ስልኩን የሰረቅኩት እኔ ነኝ» የሚል ቃል በምን ሒሳብ ይቆጠራል?

ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ሰው ሲራብ፣ ሲፈራ ወይም ሲታሰር በራሱ ላይ እንኳ ታማኝ ምስክር እንደማይሆን መናገራቸው ተዘግቧል። ኢማም ማሊክ ዋጋ ከፍለውበታል። በ147 ዓመተ ሒጅራ፣ በኸሊፋው አል-መንሱር ዘመን፣ የመዲናው ገዥ አስገረፋቸው፤ ክንዳቸው ከትከሻው እስኪወልቅ ድረስ። ምክንያቱ ተገዶ የተፈታ ፍቺ ፍቺ አይደለም ማለታቸው ነበር። ገዥዎቹ የገባቸው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፤ ተገዶ የተሰጠ በይዓስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልደብቅህም። ኡለማዎች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልነበሩም። በክፋቱ የታወቀ ተጠርጣሪ ሊመታ ይችላል ያሉ አሉ፤ ኢብኑል ቀይም ከእነሱ ናቸው። እሳቸው ግን ተጠርጣሪን በሦስት ከፍለዋል፤ በደግነቱ የታወቀ፣ ማንነቱ ያልታወቀ፣ በወንጀል የታወቀ። የዛሬው ደብዳቢ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ረስቶ ሦስተኛውን ብቻ ይዟል፤ የያዘው ሰው ሁሉ ለእሱ ሦስተኛው ነው። እኔን የሚያሳምነኝ የኢማም አል-ገዛሊ ክርክር ነው። በ«አል-ሙስተስፋ» ጥያቄውን ያነሱታል፦ ሌባ እንዲያምን መምታት ጥቅም የለውም ወይ? ጥቅም አለው፤ ግን ሌላ ጥቅም ይጋፋዋል ይላሉ። የተያዘው ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ወንጀለኛን ሳይመቱ መተው ደግሞ ንጹሑን ከመምታት ይቀላል። እሳቸው በ505 ዓመተ ሒጅራ ሞተዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ሐሳብ የዘመናዊ ሕግ ግኝት አድርገው ሲያስተምሩን ፈገግ እል ነበር።

«ታዲያ ፖሊስ ኃይል አይጠቀም?» ትል ይሆናል። ይጠቀማል። ቢላዋ ይዞ የሚመጣን ሰው በአበባ መልስ ያለ የለም። በፊቅህ አጥቂን ስለ መመከት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ፤ ሕጉም ከቀላሉ ጀምር ነው። በቃል ከተመለሰ እጅ አይነሳበትም፣ በእጅ ከተመለሰ ዱላ፣ በዱላ ከተመለሰ ስለት አይመዘዝበትም። እጁ በካቴና ከገባ በኋላ ግን ጥቃቱ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የሚያርፈው ጥፊ ዙልም ነው፤ የሚመታው ሰው የለበሰው ዩኒፎርም ይህን አይቀይረውም። ይህን ጽሑፍ ፖሊስ የሆንክ ወንድሜም እንደምታነበው አውቃለሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይርን በጨዋታ መሃል በእንጨት ጎኑን ነካ ሲያደርጉት አጸፋውን እንዲመልስ ፈቀዱለት፤ አንተ ቀሚስ ለብሰሃል ሲላቸው ቀሚሳቸውን ገለጡለት። እሱም አቀፋቸውና ጎናቸውን ሳማቸው። እሳቸው ይህን ካደረጉ፣ ማን ነው ከመጠየቅ በላይ የሆነው?

«ጥፋተኛ መሆኑ ከተረጋገጠስ?» ለሚለው ደግሞ ሙስሊም በሶሒሓቸው የዘገቡት የሒሻም ኢብኑ ሐኪም (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። በሻም ሲያልፉ ግብር ያልከፈሉ ገበሬዎች ጭንቅላታቸው ላይ ዘይት ፈሶ ፀሐይ ላይ እንዲቆሙ ተደርገው አዩ። የአገሩ ባላገር እንጂ የሒሻም ዘመዶች አልነበሩም፤ ዕዳውም አለባቸው ተብሏል። ሒሻም ግን ሹሙ ዘንድ ገቡና ረሱል በዱንያ ሰዎችን የሚያሰቃይን አላህ እንደሚያሰቃየው ሲናገሩ መስማታቸውን ነገሯቸው። ሹሙም ልቀቋቸው አሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ሐዲስ፣ በር አንኳክቶ መግባት።

እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ጉዳዩን ከኪታብ ብቻ አይደለም የምናውቀው። በ2004 ዓ.ም የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ማዕከላዊ ገቡ፤ በምርመራ ወቅት ስለ ደረሰባቸው ስቃይም ተናገሩ። በ2005 ፍርድ ሳይሰጥ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ታሳሪዎቹ ምርመራ ላይ ሳሉ የተቀረጸ ቃላቸው ለአገር ታየ። ያን ምሽት በየቤታችን ምን እንደተሰማን ታስታውሳለህ፤ ልጅ ከነበርክ እናትህን ጠይቅ። ማዕከላዊ በ2010 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው መንግሥት ሰው ሲያሰቃይ እንደነበር አመኑ።

ያኔ «ተገዶ የተናገረው ማስረጃ አይሆንም» ያልነው እኛ ነን። ዛሬ የታሰረው ከሌላ ብሔር፣ ከሌላ ሃይማኖት፣ ወይም ፖለቲካውን የምንጠላው ሰው ሲሆንስ? «ይገባዋል» የሚል ኮሜንት ስትጽፍ፣ ሰፈር ውስጥ የተያዘ ሌባ ሲቀጠቀጥ ቪዲዮውን እየሳቅክ ሼር ስታደርግ፣ ከከለዕ ሰዎች ጋር ተሰልፈሃል። እነሱ ግን የጀርባቸው ነገር ሲነሳ ቆም ብለው ጠየቁ።

በተግባር ልናውቀው የሚገባ ነገር ልጨምር። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ያለመናገር መብት እንዲኖረው፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት ተቀባይነት እንዳያገኝ ይደነግጋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ይቀጣል። ዘመድህ ታስሮ ተመትቶ ከሆነ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ለዳኛው ይናገር፣ ቁስሉን ያሳይ፣ ሕክምና እንዲታዘዝለት ይጠይቅ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርም ያሳስብ። በኋላ የሚነሳ አቤቱታ ቁስሉ ከሻረ ወዲያ ለማስረዳት ይከብዳል። በአንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ሐኪም፣ ጠበቃና የሃይማኖት አማካሪ ሊጎበኙት ይችላሉ። የሃይማኖት አማካሪ የሚለውን የመስጂድ ኢማሞቻችን ብዙ አንጠቀምበትም። የሰፈርህን ኢማም ይዘህ ሂድ፤ ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌ በየቀኑ የሚጠይቀውን ታሳሪ መምታት ይከብዳል።

ከሳሹ አንተ ከሆንክ ደግሞ ቃልህን ሰጥተህ ስትፈርም ለመርማሪው «እንዳይመቱብኝ» በለው። ሊስቅብህ ይችላል።

ጁሙዓ ሙባረክ። በነቢዩ ላይ ሰለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ከህፍንም አትርሱ።